ጆይስቲኩን ማን አስተካከለው?

መንፈስ ታየ፣ የሙት ድምፅ ተሰማ ምናምን ሲሉኝ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፣ «መብራት በርቶ ያየ ሰው አለ?» ብዬ፣ ከዚያ ስቄ አልፋለሁ። ይሄ ግን የሆነው በጠራራ ቀን፣ እሺ ጠራራ እንኳ አይደለም፣ ጭጋግ ነበር፣ ግን መብራት እያለ፣ ሁለት ሰው እያየ ነው፣ ስለዚህ እመነኝ ወዳጄ፣ ካላመንከኝም ፊት ለፊት ንገረኝ እንጂ እንደ ከተማችን ሰው ከጀርባዬ አታውራ።

ከታናሽ ወንድሜ ከአዲሱ ጋር ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምንጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችን። ሥራ ሲቀዘቅዝ የእኔ ሱስ የድሮዎቹን ባለ ፕሮፔለር ተዋጊ አውሮፕላኖች በኮምፒውተር ማብረር ነው። እነሱ ደግሞ ክፉ ናቸው፣ መሪያቸውን ትንሽ አብዝተህ ከሳብከው ተሽከርክረው ይወድቃሉ። በኪቦርድ ሞከርኩ፣ ቁልፉ ወይ ተጫነ ወይ አልተጫነ ነው፣ መሀል የለውም። በሁለት እጅ በምትያዘው ጌም ፓድ ሞከርኩ፣ መዘወሪያዋ በጣም አጭር ናት፣ ስታስነጥስ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። በመጨረሻ ጎንደር ካለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እንደ አውሮፕላን መሪ ረጅም እጀታ ያለው ጆይስቲክ አገኘሁና ለእጄ እንዲመች አድርጌ ሠራሁት። የላላውን ስፕሪንግ ቀየርኩ፣ ዴድ ዞን የሚሉትን፣ ማለት እጀታው ሲነቃነቅ ኮምፒውተሩ እንዳላየ የሚያልፍበትን ቦታ፣ እስከቻልኩ አጠበብኩት። እጄ የጸና ነው፣ ዴድ ዞን ለምኔ?

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስከፍት ዴድ ዞኑ ሰፍቷል። መለስኩት፣ ተመልሶ ሰፋ፣ ደግሜ መለስኩት፣ አሁንም ሰፋ። ቁልፍ ያለን እኔና አዲሱ ብቻ ነን፣ ደሜ ፈላ።

«ለምን ትነካብኛለህ አንተ?»

«ጋሸ፣ ያንተን መጫወቻ ምን ላርገው ብዬ? ጊዮርጊስን፣ አልነካሁም!»

አላመንኩትም። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ መኪናውን ባቆመ ቁጥር ጣቱን ቀስሮ «በጊዮርጊስ ግዝት፣ መሪዬን የነካ!» ይለን ነበር፣ ግዝት ደግሞ እኛ አገር ቀልድ አይደለም፣ የተገዘተ ነገር ወርቅ ቢሆን አታነሳውም። እኔም በንዴት ጣቴን ቀሰርኩና «በጊዮርጊስ ግዝት፣ ከእኔ ሌላ ይህን የነካ!» አልኩት። የአዲሱ ፊት ተለወጠ።

«በአባባ ቃል ትገዝተኛለህ? በቃ፣ ነገ በሊማሊሞ ወርጄ ሽሬ እገባለሁ፣ ብቻህን ሥራ።»

አባታችን ያለፈው እዚያው ሊማሊሞ ላይ ነው። ጭጋግ በወረደበት ቀን ከታችኛው ኩርባ ገደል ገባ፣ ከተማውም ሳያመነታ «ጠጥቶ ነው» አለ። ጠብታ የማይቀምስ ሰው! ለቅሶ ቤታችን ተቀምጠው፣ ንፍሯችንን እየዘገኑ ነው እኮ ያሙት፣ ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። አዲሱ ግን ያን ጊዜ ሕፃን ስለነበር ወሬውን ሳያምን አልቀረም፣ የአባታችን ስም ሲነሳ አንገቱን ይደፋል፣ በዚህም አዝንበታለሁ።

እንግዲህ አዲሱ ዕቃውን እየሸከፈ ነው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ጭጋጉ መናኸሪያውን ውጦታል፣ ኮምፒውተሩ ላይ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይበራል። መጀመሪያ ስፕሪንጉ ሲጥ አለ። ከዚያ እጀታው ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዘመመ። ብልሽት ነው አልኩ።

«እይ! እጄን እይ!» አለ አዲሱ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ።

አውሮፕላኑ ቁልቁል እየወረደ ወደ ግራ ዞረ፣ ቀና አለ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት እጀታው ላይ ያለው የተኩስ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ ጠቅ ጠቅ፣ መትረየሱም ባዶ ሰማይ ላይ ሁለት ጊዜ ያጓራል። በማን ላይ ነው የሚተኮሰው ብዬ ነበር፣ እመነኝ፣ ከዚያ ገባኝ። ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ከፊት የሚመጣ ካለ እንዲሰማው ከየኩርባው በፊት ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል።

መሬቱ ሲቀርብ እጀታው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከግዝቱ ነፃ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ግን ፈራሁ፣ ተገትሬ ቀረሁ። «አባባ!» ብሎ ዘሎ የጨበጠው የተገዘተው አዲሱ ነው። ጨብጦም ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሸ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

እጀታው አላለም፣ እጁ ነው ያለው። ወዲያው መብራት ጠፋ።

ሱቁን እንኳ በቅጡ ሳንዘጋ እናታችን ዘንድ ሄድን። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እማ፣ የአባባ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር?» አላት አዲሱ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማን ነገራችሁ?»

«መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል ብሎ ነው የደበቀው» አለች፣ «ለሰው ትንፍሽ እንዳልል ገዝቶኝ ነበር፣ በጊዮርጊስ።»

ዴድ ዞኑ ለምን እንደሚሰፋ ያን ጊዜ ገባኝ፣ ሰፊ የሚፈልገው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። ንዴቴን ምን ልበልህ! ከተማው ሙሉ ሰካራም ሲለው እሷ እውነቱን ውጣ ተቀምጣለች፣ እሱ ደግሞ የራሱን መሪ ሳያስነካን ሞቶ የእኔን ይነካል? በማን ልቆጣ?

አዲሱ ሽሬ አልሄደም፣ ግዝቱንም የነፍስ አባታችን ፈቱለት፣ ነገሩን ሰምተው ግን ሱቃችን ለመግባት እንቢ አሉ። ጆይስቲኩን ነቅዬ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጭጋግ ሲወርድ ግን ከሣጥኑ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሣጥኑን በጡጫ መታሁና «ለእኛ ለልጆችህ እንኳ ብትነግረን ምን ነበረበት?» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ቆይቶ አንዴ ብቻ ጠቅ አለ። አዲሱም ሰምቷል፣ ጠይቀው።