ሰኔ ዐሥራ ሁለት

ወረቀቱን ያደረስኩለት እኔ ነኝ። ታጥፎ ነበርና አላነበብኩትም። የሰው ደብዳቤ ባለማንበቤ የተጸጸትኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ ያኔ ብቻ ነው።

ዘመኑ በፈረንጅ 1986 ነበር። እኔና ይመኙሻል ሄግ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጽዳት እንሠራለን። ሽባባው እዚያው የአሜሪካን ዘመናዊ ታሪክ ያስተምራል። ከእኛ ሰው መምህር ሆኖ ያየነው እሱን ብቻ ስለነበር፣ ብዙም ባይበልጠን «ጋሼ» እያልን በአንቱታ እንጠራው ነበር።

ይመኙሻል ትምህርቷን ያቋረጠችው ዐሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ኮሪደሩን ስትወለውል የእሱ ክፍል በር ላይ ስትደርስ መወልወሉን ትታ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ሲወጡ ሰሌዳውን ልታጠፋ ገባችና ቆማ ቀረች።

«ጋሼ፣ ይሄ ኬኔዲ የተገደለበት ቀን ነው?»

«አዎ፣ ኖቬምበር ሃያ ሁለት።»

«በእኛስ?»

ትንሽ አሰላና «ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ሃምሳ ስድስት» አላት።

«እንግዲያው ኅዳር ሚካኤል ነበራ። የእናቴ ዝክር ነው። በማግስቱ ጎረቤቶቻችን ሬድዮ ከበው ሲያዝኑ ትዝ ይለኛል። ጠላው ሳይጠጣ ቀረ።»

ሽባባው ጠመኔውን አስቀምጦ አያት። ያን ቀን ስንት ዓመት አስተምሮታል፤ የእሷ እናት ጠላ እንደነበረበት ግን የሰማው ገና ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሰሌዳው ሥር ይቆማሉ። የሷንም ፎቅ የምወለውለው እኔ ሆንኩ። ቅር አላለኝም፣ ትንሽ ብቀናም።

«አንቺ ቀን የምትቆጥሪው በቅዱሳን ነው» ይላታል እየሳቀ። «እዚህ አገር በእነሱ አቆጣጠር ጻፊ። አለዚያ የሐኪም ቀጠሮ ያልፍሻል።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበይኝ። አንተ በይኝ።»

«አፌ እምቢ ይለኛል» ብላ አቀረቀረች። በመስተዋቱ በር አያቸው ነበር፤ ሁለቱም መሄድ አቅቷቸዋል።

ወሬው ሮተርዳም ወደብ ለሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ለአበጋዝ ደረሰ። እሱ ደግሞ ካናዳ ላለ ጓደኛው ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ሥራዋን አስትቶ፣ እዚያው ሄግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ከነበራት ክፍል አስወጥቶ እቤቱ ወሰዳት። ልጠይቃት ስሄድ ያቺን ወረቀት እጄ ውስጥ ሸጎጠችልኝ።

በማግስቱ ሰጠሁት። አንብቦ ፊቱ በራ።

«ውድነሽ፣ አንተ አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«ሽማግሌ እንድልክ ነው። ለሚካኤል ቀጥራኛለች።»

እኔም ለሚካኤል ከሆነ ደግ ቀን ነው ብዬ መረቅኩት። ባነበው ኖሮ አውቅ ነበር። የሥራ መፈረሚያችን ላይ ጁንን «ሰኔ» እያለች ቀኑን በፈረንጅ ስትጽፍ ከርማለች፣ እሱ እንዳስተማራት።

በሰኔ ሚካኤል፣ በእነሱ ጁን ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘን ሮተርዳም ሄድን። ዋናው ድሮ አዲስ አበባ የኖሩት ኤርትራዊው አቶ ኣረፋይኔ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ወደ አበጋዝ ቤት ፎቁን ሲወጡ እኔና ሽባባው ትራም ፌርማታው ላይ ቀረን። ክራቫቱን ሦስቴ አስተካከለ።

ብዙም ሳይቆዩ ወረዱ። አበጋዝ አብሯቸው አለ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቷል።

«ባለፈው ሐሙስ የት ነበርክ?» አለው ሽባባውን።

«ቀጠሮው ዛሬ አይደለም እንዴ? ሚካኤል ዛሬ ነው።»

«እሷ ባለፈው ሐሙስ ነው ነጠላዋን ለብሳ መስኮት ላይ የዋለችው። ‹ተዪው፣ አይመጣም› ስላት፣ ‹የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ቀን አይስትም› አለችኝ። ሲመሽ ነጠላዋን አጣጠፈች። ቅዳሜ ወደ ካናዳ አሳፈርኳት።»

ሽባባው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ያኔ ነው ያነበብኩት፦ «ሽባባው፣ ሰኔ 12 ወንድሜ ፈረቃ የለውም። ሽማግሌ ላክ። ካለፈ ወደ ካናዳ ይሸኘኛል። እጠብቅሃለሁ።»

«በእኛ ወይስ በእነሱ ብሎ መጠየቅ ነበር፣ ልጄ» አሉ አቶ ኣረፋይኔ ቀስ ብለው። ሽባባው ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ ማንም አልተሳፈረም።

አበጋዝ አድራሻዋን ለመስጠት ሳምንታት አመነታ። መልሷ የመጣው ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። ሽባባው እኔ ወዳለሁበት ኮሪደር ይዞት መጣና አንብቢው አለኝ። አናቱ ላይ «ነሐሴ 6 በእኛ፣ ኦገስት 12 በእነሱ» ይላል፣ በጥንቃቄ ተጽፎ።

«ይድረስ ለጋሼ ሽባባው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሠርጌ በሳምንቱ ነው። አልተቀየምኩዎትም። እኔም እርስዎ እንዳሉኝ በእነሱ ብዬ ነበር። ጤና ይስጥዎት።»

አጥፌ መለስኩለት። መወልወያዬን ያዝኩ።

«አየሽ፣ ውድነሽ» አለኝ። «እርስዎ አለችኝ።»