የጎረቤቷ ኮከብ ፋይል

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፤ እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን ክታብ እንኳ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ አሥረኛ ክፍል የገባሁ ለታ ራሴ ነኝ የፈታሁት። ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደማወራ እመኑኝ።

ደብረ ታቦር ላይ ለማስተርስ የማጠናት አንዲት ሩቅ ኮከብ አለች። አንድ ፕላኔት እንዳላት ታውቋል፣ በፊቷ ባለፈ ቁጥር ብርሃኗ ቅንጣት ታህል ይቀንሳል፤ የኔ ሥራ ከዚያው መረጃ ሁለተኛ ፕላኔት መፈለግ ነው። አገኘሁም፣ ማለቴ በየአሥራ ሦስት ቀኑ የሚመጣ ሌላ መደብዘዝ አየሁ። አማካሪዬ ግን ፈገግ ብሎ፣ «የጎረቤቷን ኮከብ ፋይል አይተሻል? እሷም አብራ ከደበዘዘች ፕላኔት አይደለም፣ ከወዲህ፣ ከኛ በኩል ያለ ነገር ነው፤ መመረቂያሽም አብሮ ደበዘዘ» አለኝ።

ቤቴ ሆኜ ፋይሉን ልከፍት ስል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰማዩ ላይ የጥጥ ያህል ደመና ሳይኖር፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር፣ ፀሐይ ስትሸሸው እንደሚለው። ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ሳሳ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጸጥ አለ።

አከራዬ የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ደጅ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ልጄ፣ ማነው የቆመብኝ?»

«ማንም የለ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ያ ነው።» አጽዋማትን ሲያሰሉ እንደሚያደርጉት የጣታቸውን አንጓ ቆጠሩ። «አሥራ ሦስተኛ ቀኑ። ዝንፍ አይል።»

ቁጥሩን ነግሬያቸው አላውቅም። ስለ ሥራዬ አንዴ ብነግራቸው፣ «ደብተራ ሲቆጥረው የኖረውን ኮከብ ዛሬ ዲግሪ ይሰጡበታል?» ብለው ስቀው ነበር፣ በቃ ይኸው ነው።

«ምንድን ነው እሱ፣ የኔታ?»

«የተማርሽው አንቺ። እኔ የማውቀው በፊታችን እንደሚያልፍ ነው።»

በኮከቧ ፊት አላሉም። በፊታችን።

ብርሃኑ ተመለሰ፣ ውሾቹ ባንዴ ጮኹ፣ እኔም ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ማስረከቢያዬን ሁለቴ አራዘምኩ፤ አማካሪዬ ስንፍና መስሎታል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳልመረምር የማላልፍ ሴት፣ ይህን ፋይል መክፈት አቃተኝ። ጎረቤቷም ከደበዘዘች ሁለተኛው ፕላኔቴ ይቀራል፣ እሱን እችለዋለሁ፤ የማልችለው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ነው።

ዛሬ አሥራ ሦስቱ ቀን እንደገና ሞልቷል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቆርቆሮው አሁን አንዴ ጠቅ አለ።