ክሩን አትልቀቂ

ይህ የሆነው በራሴ ላይ ነው። ህልም ነው የሚል ካለ፣ ግራ መዳፌ ላይ ያለውን የክር ጠባሳ መጥቶ ይይ።

የጥቅምት ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ... መሀል ስዊድን፣ ድሮ ብረት ይቆፈርበት የነበረ ጫካ ውስጥ። ቅጠሉ ግማሹ ረግፏል፤ ጉሙም ዛፎቹ መሀል ተኝቷል።

ራግና እባላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ካርታና ኮምፓስ ይዤ ጫካ ለጫካ እሮጣለሁ። ቶሎ የምናደድ እንጂ የምፈራ ሰው አይደለሁም።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ጫካው ውስጥ የተበተኑትን ጣቢያዎች በቅደም ተከተል እንፈልጋለን። ጣታችን ላይ ያሰርነውን ቺፕ፣ የእያንዳንዳችንን ስም የያዘውን ትንሽ መለያ፣ በየጣቢያው ሳጥን ላይ ስናስነካ ጢጥ ይላል። የመጨረሻውን ጣቢያ የነካ ሰው ስሙ ወዲያው ለአስተዋዋቂው ይደርሳል፤ እሱም በድምጽ ማጉያ "እገሌ እየመጣ ነው!" ብሎ ይጮኻል።

ለትንንሾቹ ደግሞ የክር መንገድ አለ። ሜዳው ዳር፣ ወላጅ ቆሞ በሚያይበት ቦታ፣ ቀይ የሱፍ ክር ከዛፍ ዛፍ ይወጠራል። ልጆቹ ክሩን በእጃቸው ይዘው፣ የተሰቀሉትን የእንስሳት ሥዕሎች እየፈለጉ ይሄዳሉ። መጨረሻው ላይ ከረሜላ አለ።

ልጄ ቱቫ አምስት ዓመቷ ነበር። በዚያ ቀን ክሩን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትሄድ ነበር።

"ክሩን እንዳትለቂ፣ እሺ?" አልኳት ቢጫ ጓንቷን እያጠለቅኩላት።

"ብወድቅስ?"

"ብትወድቂም።"

"አፍንጫዬን ቢበላኝስ?"

"በሌላኛው እጅሽ እከኪው!"

ባሌ ሲክስተን ሳቀ። "አንቺ ሂጂ፣ እኔ አያታለሁ። ደግሞ እንደ አምናው ጠፍተሽ ጎረቤት ከተማ እንዳትገኚ!"

"ምቀኛ!" ብዬው ወደ መነሻው ሮጥኩ።

እስከ ግማሽ ድረስ የሚደርስብኝ አልነበረም። ከዚያ የኮምፓሱ መርፌ መወላወል ጀመረ...

አልደነገጥኩም። እዚህ አካባቢ መሬቱ ውስጥ ያለው ብረት መርፌውን እንደሚስበው ሁላችንም እናውቃለን። ካርታውን አምኜ ቀጠልኩ።

ያኔ ጭኔን የሆነ ነገር ያዘኝ።

ቀይ የሱፍ ክር ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር። የልጆቹ ክር እዚህ ካለ፣ ዞሬ ዞሬ ሜዳው አጠገብ ተመልሻለሁ ማለት ነው! ሲክስተን ዓመቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ሊከርም ነው። ሰዓቱ እየሄደብኝ ስለሆነ ክሩን ተከተልኩ፤ ሜዳውን ካየሁ ያለሁበትን አውቃለሁ ብዬ።

ግን የድምጽ ማጉያው አይሰማም። የሰው ጫጫታም የለም።

ጉሙ ልብሴንም ካርታዬንም አርሶታል። ክሩ ግን ደረቅ ነው...

አንድ ግንድ ላይ ሥዕል አየሁ። ፊቱን ወደ ዛፉ አዙረው ሰቅለውታል። ገለበጥኩት።

ባዶ ወረቀት ነው።

ቀጣዩም ባዶ ነው።

ከዚያ ክሩ እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ሳብ... ለቀቅ... ሳብ።

ከፊት የያዘው ሰው አለ።

ጎንበስ ስል እግሬ ሥር ትንሽ ጓንት ወድቋል። ቢጫ ጓንት።

ውድድሩም ሰዓቱም ከአእምሮዬ ጠፋ። ክሩን ይዤ እንደ እብድ ሮጥኩ።

ጉሙ ውስጥ ጀርባዋን አየሁት። ክሩን ይዛ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ከፊቷ ውሃ የሞላው የድሮ ማዕድን ጉድጓድ አለ። አጥሩ ወድቋል። ክሩ ግን እዚያ አያበቃም... አፋፉን አልፎ፣ እንደተወጠረ፣ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ይገባል።

"ቱቫ... ቁሚ" አልኳት በሹክሹክታ። ብጮህ ደንግጣ ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ።

ቆመች። አልዞረችም።

"ክሩን ልቀቂው።"

"እማዬ አትልቀቂ ብላለች።"

"እማዬ እኔ ነኝ። ልቀቂው፣ የኔ ቆንጆ።"

"አይ..." አለች ቀስ ብላ። "እማዬ እዚያ ናት።"

በጣቷ ወደ ውሃው ጠቆመች።

ክሩ ሳብ አደረጋት። አንድ እግሯ አፋፉን አለፈ።

ዘልዬ ወገቧን ያዝኩ። በግራ እጄ ክሩን ጨበጥኩ። ተራ የሱፍ ክር መዳፌን እንደ ሽቦ ቆረጠኝ። ክሩ ከውሃው ወገን ሲጎተት ቺፑ ከጣቴ ወልቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ክሩን በጥርሴ ነክሼ በጠስኩት።

ጫፉ ውሃው ውስጥ ሰመጠ። ውሃው ግን አልተንቀሳቀሰም...

ጉድጓዱን ካርታው ላይ አገኘሁት። ከሜዳው ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቱቫን ተሸክሜ፣ እያለቀስኩ፣ ሳላርፍ ተመለስኩ።

ሲክስተን የቀረፋ ዳቦ እየበላ ጠበቀን። ጭራሽ አልተጨነቀም።

"ለምን ብቻዋን ተውካት?" ብዬ ጮህኩበት።

ግራ ገባው። "ብቻዋን? አንቺ አይደለሽ እንዴ የወሰድሻት? ከጫካው ወጥተሽ፣ እጇን ይዘሽ..."

የተቆረጠ መዳፌን አሳየሁት።

"ፀጉርሽ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር" አለ፣ ድምጹ እየቀነሰ። አንዲት ጠብታ የማይወርድበትን ፀጉሬን እያየ ነው።

ይህን ሲል መጨረሻው መስመር ላይ የምትቆመው አሮጊቷ ጉንቮር መጣች። ጫካ የገባ ሁሉ መውጣቱን ሳታረጋግጥ ወደ ቤቷ አትሄድም።

"ራግና፣ ቺፕሽን አምጪ። ሁሉም ወጥቷል፤ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።"

"ጠፋብኝ... ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።"

ጉንቮር አፏን ስትከፍት ድምጽ ማጉያው ቀደማት።

"የዛሬዋ የመጨረሻ ሯጭ የመጨረሻውን ጣቢያ አሁን ነካች! ራግና እየመጣች ነው! አጨብጭቡላት!"

ሰው ሁሉ ወደ ጫካው ዞሮ ማጨብጨብ ጀመረ።

ቱቫን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። እሷ ግን ጓንት የሌለውን እጇን ወደ ጉሙ ዘረጋች። ጣቶቿን ጨበጥ አደረገች። እጇ ውስጥ ምንም የለም...

ክንዷ ግን ቀስ ብሎ ሳብ አለ። ለቀቅ። ሳብ።