ጨዋታዋ አትዘጋ

ሥራ አስኪያጁ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ከእጁ አጠገብ ባዶ የቡና ስኒ ቆሟል። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ይህ ተጽፏል፦ «በቃኝ። ክፍል ሁለት ይቅር። ጨዋታዋ አትዘጋ፤ እየሰፋች ትኑር።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል፤ ዱቄቱን ለሌላው ትታ ከላይ የቀረውን ገለባ የምትመረምር ናትና። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችና ደብተሯ ላይ አንዲት ቃል ጽፋ አሰመረችባት።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። አሥር ዓመት የኖረው በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ በጀልባ ወንዝ እየተሻገረ መንደር የሚያቀናበት፣ በየዓመቱም አዲስ መንደር የሚጨመርበት። ሥራ አስኪያጁ ግን ማስፋቱ ይብቃ፣ አሮጌው በወሩ መጨረሻ ተዘግቶ ክፍል ሁለት እንደ አዲስ ይሸጥ ብሎ ወስኖ ነበር። ውሉን ሊፈርም የነበረው በሞተባት ዕለት ከሰዓት ነው። በምሳ ሰዓት ወደ ቢሮው የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የተጠየቀችው ደራሲዋ ናት። ክፍል ሁለትን ጽፋ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

«አሮጌ ቤት ላይ ጓዳ እየቀጠሉ እስከ መቼ?» አለች። «ታሪክ ማለቂያ አለው። ጨዋታው በክብሩ ቢዘጋ ይሻል ነበር። እሱ ሞቶ ክፍል ሁለት ከቀረ የተቀበረው የኔ ልፋት ነው፤ ታዲያ ምን በወጣኝ እገድለዋለሁ?»

ሠዓሊው ግን ጥላቻውን አልደበቀም። በዋዜማው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሟቹን ከሃዲ ብሎት ነበር፤ አሁንም ቃሉን አላነሳም።

«ሰው አሥር ዓመት የኖረበትን መንደር አፍርሶ፣ ያንኑ ቀለም ቀብቶ እንደገና ግዙ ማለት ነውር ነው። ጨዋታው ገና ብዙ ይሰፋ ነበር። እኔ ብሆን የምገድለው ፊት ለፊት ነበር።»

የሚዝት ሰው ወንፊትን ብዙም አያሰጋትም። አመስግና ወደ ሰርቨሮቹ ክፍል ወረደች።

የማሽኖቹን ጠባቂ ሟቹ ጭምር ሁሉም ጋሼ ነበር የሚሏቸው። ክፍላቸው ብርድ ነው፤ ማሽኖቹ ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ። ስክሪናቸው ላይ የጨዋታው ጀልባ ቀዛፊ ወንዙ ዳር ቆማለች። ድምፅዋ የሟች ባለቤታቸው ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር ተቀድታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በልብ ሕመም አርፋለች። ጋሼ በየቀኑ አንዴ ወንዙን ይሻገራሉ፤ ቀዛፊዋም በአንድ መሻገር አንድ ጊዜ ብቻ ትናገራለች። «ቀስ ብለህ ግባ፤ ውኃው አይቸኩልም።»

«ነፍስ ይማር» አለች መርማሪዋ። «ጨዋታው ሊዘጋ ነው ሲባል ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ ልጄ። አሥር ዓመት ያለ እንከን ሠርታለች፤ እሷን ማስፋት እንጂ መግደል ምን ይሉታል አልኩት። ሳቀብኝ።»

በሦስተኛው ቀን የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ወንፊት ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠች።

«ሟቹ ራሱን አልገደለም» አለች። «ውል ሊፈርም አዲስ ክራቫት አስሮ የመጣ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ‹በቃኝ› አይልም። የጻፈው ሌላ ነው። ሟቹ በደብዳቤው ሁሉ ጨዋታው ‹ይዘጋ› ነው የሚለው። ደራሲዋም ‹ቢዘጋ› አለችኝ፤ ሠዓሊውም ‹ይሰፋ ነበር› አለኝ። ጽሑፉ ግን ‹አትዘጋ› ይላል። ከዚህ ቤት ጨዋታውን ሴት የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞሩ።

«በአንዲት ፊደል ሰው አይታሰርም» አሉ ጋሼ።

«አይታሰርም። ቡናው ውስጥ ግን የልብ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ሟቹ ልቡን ታሞ አያውቅም። ትናንት መሳቢያዎን ስንፈትሽ የባለቤትዎ ስም ያለበት ባዶ ብልቃጥ አገኘን። ቡናውን ለእርቅ ብለው አስገቡለት፤ ሲደፋ ተመልሰው ጻፉለት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። የእርስዎ ሳል ‹እሷ› ማለትዎ ነው።»

ጋሼ አልካዱም። እንዲያውም ሸክም እንደወረደለት ሰው ወገባቸውን አቀኑ።

«መቃብሯ አይናገርም። እዚህ ግን ትናገር ነበር። ሁለተኛ ሊገድላት ተነሣ፤ እኔ የገደልኩት አንዴ ነው። ቢነሣም እደግመዋለሁ።»

ደራሲዋ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና ቆየች። ሟቹ እንዳትናገር አስምሏት ነበር።

«ጋሼ፣ ክፍል ሁለት የሚከፈተው በእትዬ ድምፅ ነው» አለች። «የድሮ ቅጂዎቿን አንድ ሳይቀር አጥርቶ አዘጋጅቷል። ለምን አትነግራቸውም ስለው፣ ‹አንድ ቀን በገዢዎች ፊት አላዋቂ ብለውኛል፤ መጥተው ይለምኑኝ፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ።»

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁንስ?» ብለው ጠየቁ።

«አሁንማ የሚፈርም የለም። ድርጅቱም ይዘጋል፤ ሁለቱም ጨዋታዎች ቀሩ።»

ሲወስዷቸው በሰርቨሮቹ ክፍል በኩል እንዲያልፉ ለመኑ፤ ወንፊትም ፈቀደች። እጃቸው ታስሮ ስለነበር የመሻገሪያውን ቁልፍ የተጫነችላቸው ደራሲዋ ናት።

«ቀስ ብለህ ግባ፤ ውኃው አይቸኩልም።»

ጋሼ ትደግምላቸው እንደሆነ ቆመው ጠበቁ። ቀዛፊዋ ግን የምትናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።