ሁለቱ አንድ ላይ አይነሱም

ይሄን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ወላሂ፣ እኔም ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ግን ሆኗል። እዚሁ መርሳ፣ ዓርብ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ... በጠራራ ፀሐይ። ጂን የሚወጣው ሲጨልም ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ቀትርን አታውቁትም ማለት ነው።

ናጅዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ከባሏ ከኢስሐቅ ጋር አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፍተው ኮምፒውተር ይጠግናሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ኢስሐቅ ዕቃ ሊገዛ ወደ ወልድያ ሲነሳ፣ በር ላይ ያዝ አድርጋ በጆሮው ነገረችው።

«አርግዣለሁ።»

ስንት ዓመት የጠበቁት ነገር! አንዴ እየሳቀ አንዴ እያለቀሰ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም።

እሷም ሱቋን ከፍታ ሥራዋን ያዘች። የአንድ ነጋዴ ኮምፒውተር ነው። ሃርድ ዲስኩ አርጅቶ ስለሚንቀራፈፍ፣ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጠችው። ዊንዶው፣ ሂሳቡ፣ የልጆቹ ፎቶ ሳይቀር... ቁርጥ አሮጌውን።

አበራችው።

አልነሳም።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። አጠፋች፣ አበራች። ኬብሉን ነቅላ ሰካች። እምቢ! ሰውየው ደግሞ ከጁምዓ በፊት እወስደዋለሁ ብሏታል። ላብ ላብ አላት። ኢስሐቅ ጋ ደወለች። እጇ ካቻቢቴ ስለያዘ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ገልብጬ ጨረስኩ፤ አልነሳ አለኝ እኮ!»

«አሮጌውን ነቀልሽው?»

«አልነቀልኩም።»

«እሱ ነዋ! ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ናጁ። ማሽኑ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሁለቱ አንድ ላይ አይነሱም። አንዱን አውጪው።»

ግንባሯን መታች። ጀማሪ እንኳ የማይስተውን!

«የት ደረስክ?»

«ውርጌሳን አለፍኩ... መጣሁ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚመጣ ሰው ውርጌሳ ምን ይሠራል? ውርጌሳ እኮ መርሳን አልፎ ወደ ደሴ ነው! ኢስሐቅ ደግሞ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሀብሩ ነው፤ መንገዱን አይስተውም።

ልትጠይቀው ቀና ስትል...

ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ኢስሐቅ ተቀምጧል።

መቼ ገባ? በሩ ሲከፈት ይጮሃል። አልጮኸም።

«ስልኩን ዝጊው» አላት በሹክሹክታ። «እኔ አይደለሁም።»

«ናጁ?» አለ ስልኩ፣ በዚያው ድምፅ። «ማነው አጠገብሽ ያለው?»

«አዑዙ ቢላህ...» አለች።

አግዳሚው ላይ ያለውን አየችው። ጢሙ ያው ነው፣ አቀማመጡ ያው ነው። ግን የለበሰው የትናንቱን ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ያን ሸሚዝ ጠዋት በገዛ እጇ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋዋለች።

«ውጪ ናጁ!» አለ ስልኩ።

«እንዳትወጪ» አለ አግዳሚው ላይ ያለው።

እኔ ብሆን ጩኸቴን አቀልጠው ነበር። እሷ ግን፣ በዚያ ጭንቅ መሃል፣ የሥራዋ ነገር መጣላት። የተገለበጠ ዲስክ እስከተገለበጠበት ሰዓት ያለውን ሁሉ ይዟል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን አያውቅም።

የሠርጋቸውን ቀን ብትጠይቅ ሁለቱም ይመልሳሉ። የዛሬውን ጠዋት ግን...

«ጠዋት በጆሮህ ምን አልኩህ?»

ከስልኩ የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«...ምን አልሽኝ?» አለ ስልኩ።

አግዳሚው ላይ ያለው ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አርግዣለሁ አልሽኝ።»

አልሐምዱሊላህ! ባሏ ይሄ ነው። የልጇ አባት ይሄ ነው። የሸሚዙ ነገር ገደል ይግባ! ሮጣ ክንዱን ያዘች።

ስልኩን ግን አልዘጋችውም። ምነው ዘግታው ቢሆን!

«አርግዣለሁ... አልሽኝ» አለ ስልኩ። ቀስ ብሎ፣ ትምህርት እንደሚያጠና ልጅ።

በሩ ጮኸ።

ኢስሐቅ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ገባ። የለበሰው ጠዋት የወጣበትን ነጭ ሸሚዝ ነው። በእጁ የዕቃ ፌስታል አንጠልጥሏል። የሱም ዓይን እንባ ሞልቷል።

«አርግዣለሁ አልሽኝ እኮ ናጁ» አላት።

የያዘችውን ክንድ ለቀቀች። አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። ከየትኛው ጋር ነው ቤቷ የምትገባው? ልጇ ማንን ነው አባባ የሚለው? የምትጠይቀው ጥያቄ አለቀባት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

አዛን ተባለ።

ሁለቱም እኩል ቀና አሉ። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ መስጊድ ሄዱ። መንገዱ ሰው ጢም ብሎበታል። ዞር ብሎ ያያቸው ግን የለም።

ከሶላት በኋላ አንዱ ብቻውን ተመለሰ።

በካናቴራ ነው። ነጩም ሰማያዊውም ሸሚዝ የለም።

«ወበቀኝ» አላት።

ጎንበስ ብሎ አንዱን ዲስክ ነቀለ። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ።

«አብሽሪ» አላት ፈገግ ብሎ።

የናጅዋ ዓይን ወደ እግሩ ወረደ። ቡናማ ሰንደሉን አድርጓል፤ የግራው ማሰሪያ በሽቦ የታሰረውን። ሲሄዱ ግን ሁለቱም ያደረጉት ይሄንኑ ነበር። በሩን በርግዳ ወደ መስጊዱ ሮጠች።

ሰዉ ወጥቶ አልቋል። ደጃፉ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ቀርቷል።

ቡናማ ሰንደል። የግራው ማሰሪያ በሽቦ የታሰረ።

«ውስጥ የቀረ ሰው አለ?» አለቻቸው በር የሚዘጉትን ሽማግሌ።

«ማንም የለም ልጄ። ባዶ ነው።»

እጇን ሰድዳ ሰንደሉን ነካችው።

ውስጡ ገና ሞቅ ይላል።