ራዲያተሩ ተቀይሮም የሚፈላው መኪና

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ሰምቼው የማወራው ተረትም አይደለም። የሚያምን ይመን፣ ያላመነም መብቱ ነው... እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አብራኝ ያየች እህትም አለችኝ።

ደግሞ በጨለማ የሆነ እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጋራዣችን በር ላይ ነው።

መካኒክ ነኝ። ጋራዡን የከፈተው የታላቅ እህቴ ባል ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ቁልፍ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። "ሞተር እንደ አማት ነው፤ ሲጮህ ሳይሆን ዝም ሲል ፍራው" እያለ ያስቀኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ጋሼ ከሥራ ወደ ቤት በእግሩ ሲሄድ፣ ከጋራዡ ዝቅ ብሎ ያለው ኩርባ ላይ መኪና ገጭቶት አመለጠ።

ጠዋት ቦይ ውስጥ አገኘነው።

ሐኪሙ የነገረን ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

"ስብራቱ የሚገድል አልነበረም... ዝናቡና ብርዱ ናቸው የጨረሱት። የሚያነሳው ሰው ቢያገኝ ይተርፍ ነበር።"

እህቴ፣ እታለም፣ ከቀብሩ በኋላ አላለቀሰችም። ጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥታ መቀመጥ ጀመረች። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ፊት ፊቱን ታየዋለች። የሹፌሩን አይደለም፤ የመኪናውን።

"እታለም፣ ግቢ እንጂ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል" ስላት መልሷ አንድ ነው።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።"

ታዲያ በጋው ገብቶ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ በሚውልበት ሰሞን፣ አንድ መኪና እንፋሎት እየተፋ መጥቶ በራችን ላይ ቀጥ አለ።

ሹፌሩ ወረደ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። ግን ወፍራም ኮት ለብሷል። በዚያ ሙቀት... እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

"ራዲያተሩን በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት" አለኝ። "አዲስ ነው። ግን ይፈላል። ያላየው መካኒክ የለም።"

"ሁልጊዜ ነው የሚፈላው?"

"ሁልጊዜ ነው። እዚች ኩርባ ላይ ስደርስማ ይብስበታል... ሳይፈላብኝ አልፌያት አላውቅም።"

"አሮጌው ራዲያተር ምን ሆኖ ነበር?"

የኮቱን አንገት ወደ ላይ ሳበ።

"ምሰሶ ገጭቼ።"

ኮፈኑን ከፍቼ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ከዚያ እንደ ደንቡ ጀመርኩ። ራዲያተር ከተቀየረ በኋላ ሞተር የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አየር ስለሚቀር ነው። አየሩን አስወጣሁ። ውሃውን ሞላሁ። ፋኑ ይዞራል። ፓምፑ ውሃውን ይገፋል። ቴርሞስታቱን፣ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃ የሚያሳልፈውን ክዳን፣ አውጥቼ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ በደንብ ተከፈተ።

አስነሳሁት። የሙቀት መለኪያው ቀስት መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። ብዙ ጠበቅሁ፤ ንቅንቅ አላለም።

"ይግቡና ነዳጅ ይርገጡልኝ" አልኩት።

ገባ። በሩን ዘጋ።

ቀስቱ ወደ ላይ ወጣ።

ቀስ ብሎ አይደለም። ሰው በጣቱ የገፋው ይመስል... ተስፈንጥሮ ቀዩን ነካ።

"ይውረዱ!"

ወረደ። ቀስቱ ተመለሰ።

ሙቀት እንዲህ አይመለስም። የፈላ ውሃ በአንድ ትንፋሽ አይበርድም። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ቱቦውን በጨርቅ ይዤ ጨበጥኩት። ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም።

"እስቲ እንደገና ይግቡ።"

ሲገባ ቱቦው እጄ ውስጥ አበጠ። ጨርቁን አልፎ አቃጠለኝ።

ቱቦውን ለቅቄ ወደ ኋላ ዘለልኩ። እሱ ግን የተገረመም አይመስልም። ጋቢናው ውስጥ ሆኖ እጆቹን እያፋተገ፣

"ማሞቂያውን እንዳትነካብኝ እሺ?" አለኝ። "ሳጠፋው... ይበርደዋል።"

"ማንን?"

"ይበርደኛል ነው ያልኩት።"

ማዶ ካለው ሻይ ቤት ትኩስ ነገር ልጠጣ ብሎ ተሻገረ።

የማሞቂያው ቱቦ አፍስሶ እንደሆነ ልይ ብዬ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ተነሳሁ። ሱሪዬ በስብሷል።

ወንበሩ ርጥብ ነው። መደገፊያውም ጭምር። አንድ ዝናብ የመታው ሰው ተቀምጦ የተነሳበት ይመስላል። አሸተትኩት። የራዲያተር ውሃ ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ይሄ ግን አይደለም።

ጭቃ ጭቃ ይላል። የቦይ ጭቃ።

ከዚያ ነው የፊቱን መከላከያ ልፍታ ያልኩት። ራዲያተሩን የቀየረው ሰው ከኋላ፣ በሞተሩ በኩል፣ አውልቆ በዚያው ስለገጠመ፣ ከፊት ለፊቱ ምን እንዳለ አላየም። ባትሪ አበራሁ። ከታች፣ ነፋሱ በሚገባበት ቦታ፣ ጨርቅ ተሰንቅሯል።

ይኸው ምክንያቱ ብዬ ልቤ አረፈ። ነፋስ ካላገኘ ይሞቃላ። በመቆንጠጫ ስቤ አወጣሁት።

የሹራብ እጅጌ ነው። ቡናማ ሆኖ አረንጓዴ መስመር ያለበት።

"ስጠኝ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

እታለም ናት። ከወንበሯ መቼ እንደተነሳች አላየሁም።

ተቀበለችኝ። በአውራ ጣቷ የእጅጌውን ጫፍ ዳሰሰችው። እዚያ ጋ አንድ የተዛነፈ ዙር አለ፤ ሹራቡን ራሷ ስትሠራው የሳተችው። ጋሼ "ይሄ ፊርማሽ ነው፣ እንዳትነኪው" ብሏት ነበር። የተገጨ ዕለት ማታ ከጋራዡ ለብሶት ነው የወጣው። ስናገኘው አንድ እጅጌው ከክርኑ በታች አልነበረም።

የጎማ መፍቻውን ብረት አነሳሁ። ምን እንዳሰብኩ አልደብቃችሁም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል...

እታለም የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

"አስቀምጠው።" ሹክ ብላ ነው የተናገረችው።

"እታለም፣ እሱ ነው እኮ!"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ልተወው?"

"በአንተ እጅ አይደለም። ይሂድ። መንገዱን ያሳየዋል።"

"ማን?"

እጅጌውን አጣጠፈችው። የመኪናውን በር ከፍታ እርጥቡ ወንበር ላይ አኖረችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው... ውስጥ የተኛ ሰው እንዳይነቃባት የምትጠነቀቅ ይመስል።

እኔ ወደ ጓሮ ዞሬ ለትራፊክ ፖሊስ ደወልኩ።

ስመለስ ባለኮቱ ገብቶ ሞተሩን አስነስቷል። ቀስቱ መሃል ላይ ነው።

"ተባረክ" አለኝ። "ምኑ ነበር?"

እታለም በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለች። ድምጿ እንደ እንግዳ ተቀባይ ለስላሳ ነው።

"ምን ገጭቼ ነው ያሉት?"

"ምሰሶ።"

"ምሰሶ ሹራብ ይለብሳል?"

ሰውየው መጀመሪያ እሷን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጎኑ ወንበር ዞረ። እዚያው ቀረ። ያየው እጅጌውን ብቻ እንዳልሆነ አስተያየቱ ይናገራል፤ ሰው ወንበር ላይ ያለ ጨርቅ ሲያይ ወደ ታች ነው የሚያየው። እሱ ግን ፊት ለፊት፣ በሰው ፊት ከፍታ ነበር የሚያየው።

ነዳጁን ረግጦ ወደ ኩርባው በረረ።

"አሁን እንሂድ" አለችኝ እታለም። እንደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።

ስንደርስ መኪናው ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሟል። ጋሼን ካገኘንበት ቦታ ጋ። አልገጨም፣ አልተገለበጠም። በሥርዓት ነው የቆመው። መስታወቱ ሁሉ ከውስጥ በጉም ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል፤ ከውስጥ ሰው በሩን ይደበድባል።

በሮቹ አልተቆለፉም ነበር። እጄን ሳሳርፍ ወዲያው ተከፈተ።

የወጣው እንፋሎት ወደ ኋላ ጣለኝ። ባለኮቱ ተንከባሎ መንገዱ ላይ ወደቀ። ፊቱና እጆቹ ተልጠዋል። ማሞቂያው መጨረሻው ላይ ደርሶ ያገሳል። ሰውየው ግን እንደዚያ ተቃጥሎም ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"አውርዱልኝ" ይላል። "ይሄን ሰውዬ አውርዱልኝ... ጨምርልኝ ይለኛል። አልሞቀኝም፣ ጨምርልኝ ይለኛል..."

እታለም አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ያን ቀን ወርደህ አይተኸው ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

"በሕይወት ነበር?"

ዓይኑን ጨፈነ።

"አንሳኝ ብሎኝ ነበር።"

የጠራኋቸው ፖሊሶች ደርሰው ይህን ከኋላችን ቆመው ሰምተዋል። በኋላም ቃሉን አልካደም። ዳነ፤ ታሰረ። ጠባሳው አለቀቀውም፣ ብርዱም አልለቀቀውም ይባላል። ሳልዋሽ ልናገር፣ አላዘንኩለትም። እታለምም አላዘነችም። የዚያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

መኪናውን ክሬን ጭኖ ወሰደው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ባትሪውን እኔው ነኝ የፈታሁት። በሮቹ ክፍት ስለቆዩ ጉሙ ለቆ መስታወቱ ጠርቷል። ፖሊሱ ውስጡን ፈትሾ ዘጋው።

ክሬኑ በአጠገባችን ሲያልፍ እታለም እጄን ጨበጠችኝ።

"እየው" አለች።

በእኛ በኩል ያለው መስታወት ላይ፣ ከውስጥ፣ ሳንቲም የምታህል ጉም ታየች... ሰፋች። ጠበበች። ተመልሳ ሰፋች።

እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እያየናት ሄደች። ሰፋ... ጠበብ... ሰፋ...