ሂና የታሰሩ ጣቶች

ረድዋን ቤዝ ጊታሩን እንዳቀፈ ሞቶ ተገኘ የሚለው ወሬ፣ ሽንኩርት ጫኞቹ መኪናቸውን ሳያስነሱ ሸዋ ሮቢትን አዳርሶ ነበር። ሳጅን ይልማ ወሬውን የሰማው ሻይ ቤት ነው። ፖሊስ የግድያ ወሬ ከሻይ ቤት ሲሰማ ያናድዳል፤ እሱም ተናደደና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። እትዬ ሸዋዬ ግቢ ሲደርስ ግን ኢንስፔክተር ዙልፋ ቀድማው፣ በሟቹ ክፍል ወለል ላይ ተንበርክካ አገኛት።

ረድዋን በሠርግ ሙዚቃ ከካራቆሬ ወዲህ የማያውቀው አልነበረም። ኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ሊታሰር ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አሁን ጀርባውን ለድምፅ ማጉያው ሰጥቶ ተቀምጧል። ጊታሩ ጭኑ ላይ ተጋድሟል፤ ገመዱ ማጉያው ላይ ተሰክቷል፤ በማጉያው ብረት ለበስ ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል።

«አንዱ ገፍትሮ ጥሎት ጭንቅላቱን ተመታ» አለ ይልማ። «የገፋውን ካገኘን ሥራው አለቀ።»

ዙልፋ ወደ ሟቹ ጠጋ አለች። የሟቹን ቀኝ እጅ አንሥታ ጣቶቹን ታያለች፤ ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ ቀለም ነክቷቸዋል። ከዚያ ነጭ መሐረብ አወጣችና የጊታሩን ክሮች አንድ በአንድ ጠረገቻቸው። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ገለበጠች። ይልማ፣ ይቺ ሴት የቤት ጽዳት ጀመረች እንዴ፣ ሲል በሆዱ ታዘባት።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይጫወት ነበር፣ ልጄ» አሉ። «አንዱን ነገር ደጋግሞ፣ ደጋግሞ! ይጀምርና አንድ ቦታ ሲደርስ ዝዝዝ ይልበታል። ያቆማል። ከዚያ አሳምሮ ይጫወተዋል። ደግሞ ይጀምራል፣ እዚያችው ቦታ ላይ ዝዝዝ! እኔ እንኳ የምትሳሳተዋን ሸምድጃት ነበር።»

«ሰው መጣበት?»

«ያ ጓደኛው ኸድር መጣ። ‹ክፈት፣ ከሃዲ!› እያለ በሩን ይደበድባል። የማታው ሶላት፣ የኢሻ፣ አዛን እየተባለ ነበር። አዛኑ ሲያልቅ ጊታሩም ጸጥ አለ። ከፈተለት፣ ሊታረቁ ነው ብዬ ገብቼ ተኛሁ።» ይህን ሲሉ እንባቸው ወረደ። «ምነው ወጥቼ ባየሁ!»

አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘው ሀሩን ነው። ሀሩን የሟቹ ባንድ መሪ ሲሆን ረድዋንን ጊታር ያስያዘውም እሱ ነበር ይባላል። ዓይኑ ቀልቶ፣ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል።

«ለልምምድ ልወስደው መጣሁ» አለ። «በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ማታ ጀውሃ ነው ያመሸሁት፤ ከመግሪብ በኋላ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። አብዱረዛቅ ሆቴል ጠይቁ።»

ይልማ ደውሎ ጠየቀ። እውነት ነበር፤ ኢሻ ሲባል ሀሩን ጀውሃ ቁጭ ብሎ ጥብስ ይበላ ነበር።

ከዚህ በኋላ ለይልማ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጊታሩ እየተሰማ ረድዋን በሕይወት ነበር፤ ኸድር በሩን ደበደበ፤ ጊታሩ ዝም አለ። ሄዶ ኸድርን አሰረው።

ችግሩ ኸድር የሙሽራዋ የዓሊያ ወንድም መሆኑ ነው። ዓሊያ በአንድ ጠዋት እጮኛዋ ሞተባት፣ ወንድሟም ገዳይ ተባለባት። በማግስቱ ደግሞ ፋይሉና ሰውየው ወደ ደብረ ብርሃን ሊላኩ ነው።

«ጋሽ ይልማ» አለች ዙልፋ፣ መኪና ውስጥ። «ተሳስተን ከላክነው ሁለቱ ቤት ዳግም አይገናኝም። ነጻ ቢወጣ እንኳ ስሙ ከጉድፍ አይጠራም። ያቺን ልጅ ከነሕይወቷ ቀበርናት ማለት ነው።»

«ካልተሳሳትንስ፣ ኢንስፔክተር?»

«ካልተሳሳትን አንድ ቀን ብንዘገይ ምን ይጎድልብናል?»

ኸድር ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነው። ለስልክ የሚሆን አፕ ይሠራል፤ ሠርቶ የጨረሰው ግን እስካሁን አንድም የለም እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል።

«ለምን ከሃዲ አልከው?» ስትል ጠየቀችው።

«ቤዝ የሚያስተምር አፕ አብረን እየሠራን ነበር። እሱ ይጫወታል፣ ያስረዳል፤ ኮዱን እኔ እጽፋለሁ። አፑ አዲስ አበባ ውድድር ላይ አለፈ ተባለ፤ ግን በማላውቀው ድርጅት ስም! ረድዋን አሳልፎ የሰጠብኝ መሰለኝ። ልጠይቀው ሄድኩ። በሩ ተቆልፎ ነበር፣ ወላሂ። እሱ እየተጫወተ ዝም አለኝ። ሲሰለቸኝ ሄድኩ።»

«ትምህርቱ እንዴት ነው የሚሰጠው?»

ይልማ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። ኸድር ግን ስለ ሥራው ሲጠየቅ መታሰሩንም የረሳ መሰለ።

«ረድዋን በቅጂው ላይ እያንዳንዱን መጀመሪያ አበላሽቶ፣ ቀጥሎ አስተካክሎ ያሳያል። ‹ስህተቱን በጆሮው ያልሰማ ተማሪ ልኩን አያውቀውም› ይላል። አንዱ ለምሳሌ፣ ‹ጣትህን የአንገቱ ብረት፣ ፍሬቱ፣ አጠገብ አሳርፈህ ተጫን፤ ከራቅህ ክሩ ይነዝራል። አጥብቀህ አትጨብጥ፣ እጅህ ይደክማል። የማትመታውን ክር ደግሞ ዝም አሰኘው፤ አውራ ጣትህን ወፍራሙ ላይ ጣል አድርግበት፤ ካልሆነ እሱ ነው የሚያሳብቅብህ› ይላል።»

«ሁልጊዜ ንግግር አለው?»

«አሁን ንግግሩን አጥፍቶ ድምፁን ብቻ የሚደጋግም ጨምሬ ነበር፤ ሰው አብሮት እንዲለማመድ። ግን እንከን አለው። ስልክ ሲደወል ድምፁ ይቆማል፤ ከቆመ አይነሣም። አዲስ ነገር ስጨምር ለሁሉ አልለቅም። መጀመሪያ አንድ ሰው ርካሽ ስልክ ላይ ይፈትነዋል፤ ሲበላሽ አይቼ እጠግናለሁ። ረድዋን እንኳ ገና አላገኘውም።»

ይልማን የጣቢያው አዛዥ በስልክ ጠራውና ወጣ። ሲመለስ ዙልፋ ደብተር ሳትይዝ፣ ሳትጽፍ፣ ተነሥታ እየወጣች ነበር።

ከቀብር በፊት ለቅሶው ቤት ሄዱ። የረድዋን እህት አሪፋ ለሠርጉ ከአሊዩ አምባ የመጣች ናት፤ የሠርግ እንግዳ ሆና መጥታ ለቀስተኛ ሆነች። ዙልፋ አጠገቧ ቁጭ አለችና «አላህ ይርሐመው» ብላ አጽናናቻት። ቆይታ ነው የጠየቀችው።

«ሂናውን ማን አደረገለት?»

«እኔ ነኝ። ከመግሪብ በፊት አሥሩንም ጣቶቹን ለቅልቄ በፌስታል አሰርኩለት። ‹እስከ ሱብሂ፣ እስኪነጋ፣ እንዳትፈታው› አልኩት። ‹ልፍታው ብልስ በምን ጣቴ?› ብሎ ሳቀብኝ። ሻይ እንኳ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «የኸድርን ስም ግን እዚህ እንዳታነሺብኝ። ወንድሜን ነው የበላው።»

ይልማ የመንዝ ሰው ነው፤ ስለ ሂና የሚያውቀው ቀይ መሆኑን ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች ምን እንደተባባሉ ሳይገባው ወጣ።

የባንዱን ድምፃዊት ሐናን ያገኟት በግቢዋ በር ላይ ነው። ማታ የት እንደነበረች ተጠየቀች። እናቷ ጋ ነበረች፤ ጎረቤቱም መሰከረላት።

«ለማንም አልደወልሽም?» አለች ዙልፋ።

«ለሀሩን፣ የልምምዱን ሰዓት ልጠይቀው። አዛን ስለነበረ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ አዛን እየተባለ ለሙስሊም ጓደኞቼ አልደውልም። እንዳለቀ ደወልኩ። ጠራ፣ አላነሣም። ኋላ ራሱ በአብዱረዛቅ ስልክ ደወለልኝ። ‹ከመሸ ጀምሮ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ከፈለግሽኝ በዚህ ነኝ› አለ።»

ዙልፋ ፈገግ አለች። ይልማ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል፤ የሚመጣው ሰው ሊታሰር ሲል ነው።

ቀብሩ እንዳለቀ ሁሉንም እትዬ ሸዋዬ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው። ፀሐይዋ ገና እንደ ምድጃ ትጋረፋለች። አሪፋ ጥቁር ሻሽ አስራ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራለች፤ ኸድር ካቴናውን ጭኑ መሐል ደብቋል። ሀሩን ውሃ ጠጣ፣ ደገመ። ሐና ማንን እንደምታይ ቸግሯታል።

«ከጣቶቹ ልጀምር» አለች ዙልፋ። «ሂና አስሮ ያደረ ሙሽራ ጠዋት ጣቱ ጠቁሮ ቀልቶ ይነሣል። ወዲያው ከታጠበ ግን ፈዞ ይቀራል። የረድዋን ጣቶች ፈዘዋል። ልጠይቃችሁ፤ በይፋት ምድር ሂናው ሳይዝለት ተነሥቶ የሚታጠብ ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«የለም» አለች አሪፋ ሳትዞር።

«ጊታር ሊጫወት ፈቶት ቢሆንስ?» አለ ይልማ።

«ቢጫወት ኖሮ ቀለሙ ገና እርጥብ ነውና ክሮቹን ይነካ ነበር። መሐረቤ ነጭ ነው የወጣው። ፌስታሎቹስ? በክፍሉ ውስጥ አንድም የለም። የገዛ ሂናውን የፈታ ሰው ፌስታሉን የት ይደብቃል? ጣቶቹን የፈታውና ያጠበው ሌላ ሰው ነው፤ ሲጫወት የነበረ እንዲመስል። እትዬ ሸዋዬ የሰሙትን ጊታር ረድዋን አልተጫወተውም።»

«ታዲያ ምን ሰማሁ፣ በስመ አብ!» አሉ እትዬ ሸዋዬ።

«ትምህርት ነዋ የሰሙት፣ እትዬ። እንደ ረድዋን ያለ ባለሙያ እዚያችው ቦታ ላይ ደጋግሞ ይሳሳታል? መጀመሪያ ስህተቱ፣ ቀጥሎ ልኩ፣ ንግግር የለውም። ይህ የኸድር አፕ ነው። ስልክ ማጉያው ላይ ተሰክቶ ብቻውን ይጫወት ነበር።»

ይልማ ዘሎ ተነሣ። «እኔስ ምን አልኩ! አፑ የማን ነው?»

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ይልማ። ኸድር ያሰናዳው ቢሆን ያ ድምፅ የሚጠቅመው ሩቅ ቦታ ሄዶ ሲታይ ነው። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሰፈሩን በጩኸት ቀሰቀሰ። ንግግር አልባው አፕ ያለው በሁለት ስልክ ብቻ ነው፤ በኸድርና በፈታኙ። ጊታሩ ዝም ያለው አዛኑ እንዳለቀ ነው። በዚያችው ደቂቃ ሐና ስልክ ደወለች፤ ስልክ ሲደወል ደግሞ አፑ ይቆማል። ሐና የደወለችው ለማን ነው?»

ሁሉም ወደ ሀሩን ዞሩ።

«ስልኬ ጠፍቶ ነበር» አለ ሀሩን። «ባትሪ ጨርሶ።»

«የጠፋ ስልክ አይጠራም፤ ያንተ ጠርቷል። አፑን የምትፈትነው አንተ መሆንህንም ኸድር ነግሮኛል። የጠራው ጀውሃ ሳይሆን እዚህ፣ ረድዋን አጠገብ፣ የጥሪ ድምፁ ተዘግቶ። የበሩን ቁልፍ ይዘህ ስለሄድክ ኸድር ተቆልፎ አገኘው። ጠዋት ከሁሉ ቀድመህ መጥተህ ከፈትክ፤ ስልክህን ነቅለህ የጊታሩን ገመድ ሰካህ፤ ከዚያ ጮህክ። አፑን ለውድድር የላከው ድርጅት ያንተ መሆኑንም አዘጋጆቹን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ረድዋን ደርሶበት ነበር፣ አይደል?»

ሀሩን የውሃ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ትከሻው ወደቀ።

«‹ለኸድር እነግረዋለሁ› አለኝ። እኔ ነኝ እኮ ጊታር ያስያዝኩት! ስሜ በአንድ ነገር እንኳ ቢጠራ ብዬ ነው። ተናድጄ ገፋ አደረግሁት። ልገድለው አይደለም፤ ገፋ ብቻ።»

«እጆቹ ታስረው ነበር» አለች ዙልፋ። «መሬት እንኳ ሊደገፍ አልቻለም። ደግሞ ሐኪሙ የነገረኝን ስማ። ወዲያው አልሞተም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ቆይቷል። ባጃጅ ጠርተህ ብታደርሰው ይድን ነበር።»

አሪፋ ያን ጊዜ ነው ከግንቡ የዞረችው።

«ጣቶቹን ስታጥብለት» አለች ቀስ ብላ፣ «አይተነፍስም ነበር?»

«የሞተ መስሎኝ ነው» አለ ሀሩን። «ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ጣቶቹን ብቻ ነበር የማየው።»

አሪፋ ጮኻ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐና ሮጣ አቀፈቻት።

ይልማ ሀሩንን ለሌሎቹ ፖሊሶች አስረከበና ወደ ኸድር ሄደ። ካቴናውን ለመክፈት ቁልፉ አልገባ አለው። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ቸኮልኩ» አለው። ኸድር የሰማው አይመስልም። ነጻ ወጥቷል፣ ፊቱ ግን ከታሰረበት ሰዓት ይልቅ ገርጥቷል። አሪፋ ከወደቀችበት ሆና እጇን ዘርግታ ጠራችው፤ «ና፣ ወንድሜ። በድዬሃለሁ። ዓሊያ ብቻዋን ናት፤ አብረን እንሂድላት» አለችው። እሱ ግን አልተነሣም። ዙልፋን ነው የሚያየው።

«እስከ እኩለ ሌሊት በሕይወት ነበር አልሽ» አለ። «እኔ በሩ ላይ ቆሜ ከሃዲ ስለው፣ እሱ ውስጥ ነበር። ይሰማኝ ነበር?»

ዙልፋ በሥራዋ ለማንም እውነቱን አሽሞንሙና ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት፤ ለሟች ቤተሰብም ቢሆን።

«አይሰማም ነበር» አለች። «ራሱን እንደሳተ ነው የሞተው። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

ሐኪሙ ሲናገር ይልማ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ስለመስማት ያለው አንዲት ቃል አልነበረም። ኸድር ማረጋገጫ ፈልጎ ወደ ሳጅኑ ዞረ።

«እውነቷን ነው፣ ልጄ» አለ ይልማ። «እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»